የማላውቀውን አበባ ለልጅ ልጄ ያቀመስኩ ዕለት

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ነጭ ጋዝ የጠጣ፣ የአይጥ መርዝ የቀመሰ፣ የጉሎ ፍሬ ያኘከ ልጅ ታቅፈው እያለቀሱ የገቡ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር «ምነው፣ ዓይንሽ የት ነበር?» ብዬ የተቆጣኋቸውም አሉ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ ለአራት ዓመት የልጅ ልጄ መርዛም አበባ አቀመስኩ። ነገሩን ሳልደብቅ የምጽፈው ልጆቻችሁን ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለመያዝ ባሕር የምትሻገሩ አያቶች ብዙ ስለሆናችሁ ነው።

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ከሲያትል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የሄድኩት በሚያዝያ ወር ነበር። በዚያ ወቅት አገሩ ሁሉ አበባ ነው። ከቤቱ መግቢያ አጠገብም ከመስኮቱ በላይ ያደገ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ አበባው ደግሞ እንደ ሙሽራ እቅፍ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ሮዝ ቀለም ይፈካል። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ወደድኩት። ስሙን ግን አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ሥራ ላይ ሳለች እኔና ትንሿ በር ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እንሞቃለን። «እማማ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ምን ትጫወቺ ነበር?» አለችኝ። እኛ ውኃ ስንቀዳ፣ ከብት ስንመልስ፣ ከአጥር ጥግ አበባ እየነቀልን ግርጌውን መጥጠን ጣፋጩን እየቀመስን ነው ያደግነው። ይህንኑ ነገርኳት። መናገሩ ብቻ አልበቃኝም፤ ከቁጥቋጦው አንዷን አበባ ነጠልኩና ግርጌዋን መጥጬ «እንዲህ ነው» አልኳት። ጣፈጠችኝ። እሷም አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን፣ በጠቅላላው አራት አምስት የሚሆን አበባ መጠጠች። ሁለታችንም ሳቅን።

ልጄ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስትመጣ መሬት ላይ የወዳደቁትን አበቦች አየች። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች። ትንሿ በኩራት ነገረቻት። የልጄ ፊት ሲለዋወጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው!» አለችኝ። ትንሿ የምትውልበት መዋያ ለወላጆች ባደለው ወረቀት ላይ የዛፉን ስም አንብባ ኖሯል። ስሙ ሮዶደንድሮን ነው።

ልብ ምት የቆጠርኩበት ሌሊት

ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ተለጥፎ ነበር፤ 1-800-222-1222። በአሜሪካ ከየትም ቢደወል በአካባቢው ወዳለ የመመረዝ ምክር ማዕከል ያገናኛል። ነጻ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰውም አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ልጄ ደወለች። ያነሳችው ሴት ድምፅ የተረጋጋ ነበር። የልጅቷን ዕድሜና ክብደት፣ ምን ያህል እንደወሰደች፣ ከስንት ሰዓት በፊት እንደሆነ፣ ያስመልሳት ወይም ያዞራት እንደሆነ ጠየቀቻት። ከዚያም አፏን በውኃ አጉመጥምጧት፣ ጥቂት ውኃ አጠጧት፣ እንድታስመልስ ግን አታስገድዷት፤ ለጥቂት ሰዓታት እየተከታተላችሁ ቆዩ፤ ማስመለስ፣ ብዙ ለሃጭ፣ መፍዘዝ ወይም መድከም ከታየባት ወዲያው ደውሉ አለች።

መርዙ ግራያኖቶክሲን ይባላል። በቅጠሉም፣ በአበባውም፣ በአበባው ጣፋጭ ፈሳሽም ውስጥ አለ። በሰውነታችን የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት ላይ ሶዲየም የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ፤ እነዚህ ተከፍተው ወዲያው መዘጋት አለባቸው። ይህ መርዝ በሩን ከፍቶ ይይዘዋል፤ ሕዋሱም ማረፍ ያቅተዋል። በመጀመሪያ አፍን ያቃጥላል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያስመልሳል። ብዙ የወሰደ ሰው ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የልብ ምቱም ይዘገያል። ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ለይቶ የሚያረክስ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው የሚታከመው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና የልብ ምት በሚያፋጥነው አትሮፒን ነው። ደግነቱ አንድ ሁለት አበባ ወይም ቅጠል የቀመሱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጉዳት አይደርስባቸውም፤ የታመመም ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ሌሊቱን አላሳጠረልኝም። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና በሰዓቴ ቆጠርኩ። በደቂቃ 104፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 100። ማታ ዓይኗ ሲከደን 92፤ እንቅልፍ ሲወስዳት 84። ልጅ ሲተኛ የልብ ምቱ እንደሚቀንስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ለተማሪ ነርሶች ራሴ አስተምሬዋለሁ። ግን ምቱን የሚያዘገየው እንቅልፍም ነው፣ መርዙም ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል ስንት ነገር እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ያውቃል። የተቆጣኋቸው እናቶች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጡ።

ከማዕከሉ መልሰው ደውለው ጠየቁን። ትንሿ አላስመለሳትም፣ አላዞራትም፤ ጠዋት ተነስታ ቁርስ ጠየቀች። ልጄ ማታውን አንዲት ቃል አልተናገረችኝም ነበር። ጠዋት ቡና አፍልታ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማዬ፣ አውቀሽ አይደለም» አለችኝ። እኔን የከነከነኝ ግን ይኸው ነው፤ ሳላውቅ እንደማውቅ መሆኔ።

ከየት የመጣ አበባ ነው?

በቀጣዩ ቅዳሜ «ከበላን አበባ ጋር እንተዋወቅ» ብላ ልጄ ከሲያትል በስተደቡብ ፌደራል ዌይ ወደሚባል ከተማ ወሰደችን። እዚያ በዓለም ካሉት ትልልቅ የዱር ሮዶደንድሮን ስብስቦች አንዱ የሚገኝበት የዕፀዋት ሥፍራ አለ። ከረጃጅም ጥዶች ሥር መንገዱ ይጠመዘዛል፤ በየተክሉ ሥር ስሙና የመጣበት አገር ተጽፏል። ሂማላያ፣ ዩናን፣ ቲቤት፣ ጃፓን፣ ካውካሰስ። በመስታወት ቤት ውስጥ ደግሞ ከቦርኒዮና ከኒው ጊኒ ተራሮች የመጡት አሉ፤ ብርድ ስለማይችሉ ነው።

ስሙ ግሪክኛ ነው፤ «የጽጌረዳ ዛፍ» ማለት ነው፤ ከጽጌረዳ ጋር ግን አይዛመድም። በዓለም ላይ ወደ 1,000 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት ከሂማላያ እስከ ደቡብ ምዕራብ ቻይና በተዘረጉት ተራሮች ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓም የተወሰኑ አሉ። በአፍሪካ ግን በተፈጥሮ የበቀለ አንድም የለም። ይህን ስሰማ ቆም አልኩ። እናቴም፣ የእናቴም እናት፣ «ይህን አበባ እንዳትነኪ» ብለው ሊያስጠነቅቁኝ የሚችሉበት ምንም መንገድ አልነበረም። ከአያት የወረስነው የዕፀዋት ዕውቀት ታላቅ ነው፤ የተሰበሰበው ግን በእኛው ተራራና በእኛው አጥር ሥር ነው።

የሂማላያን ተራራ እኛ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ ልንረዳው እንችላለን። ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እንደምንለው ሁሉ እዚያም ተክሉ እንደ ከፍታው መልኩን ይለዋውጣል። በታችኛው ተዳፋት ላይ ቀይ አበባ የሚያብበው ዝርያ ትልቅ ዛፍ ይሆናል፤ የኔፓል ብሔራዊ አበባም እሱ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ላሊ ጉራንስ ይሉታል። ጭጋግ በሚበዛበት ደን ውስጥ ቅጠላቸው ከግማሽ ሜትር በላይ የሚረዝም ዝርያዎች አሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ዛፉ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ቅጠሉም ያንሳል። ከ5,000 ሜትር በላይ ደግሞ መሬት ላይ ተለጥፎ፣ ከጉልበት በታች ሆኖ፣ በረዶው ሲቀልጥ ትናንሽ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ዝርያ አለ።

ተክሉ ዝናብ፣ ጭጋግና ውኃ የማይቋጥር ኮምጣጣ አፈር ይወዳል። ሥሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ወደ ታች አይጠልቅም፤ በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ይንሰራፋል። ምግቡን ከደካማ አፈር የሚያገኘው ከሥሩ ጋር ተስማምተው በሚኖሩ ፈንገሶች እርዳታ ነው። ለብርዱም ዘዴ አለው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሲቀዘቅዝ ቅጠላቸውን ወደ ታች አውርደው እንደ ሲጋራ ይጠቀልሉታል። ልጄ «ክረምት ላይ ከመውጣቴ በፊት በመስኮት ቅጠሉን አያለሁ፤ ከተጠቀለለ ወፍራሙን ካፖርት እለብሳለሁ» አለችኝ።

ከተራራ ወደ ግቢ

ይህ የተራራ ተክል የሰው በር ላይ እንዴት ደረሰ? እንግሊዛዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ሁከር ከ1848 እስከ 1850 እ.ኤ.አ. በሂማላያ ሲኪም ተዘዋውሮ ብዙ ዝርያዎችን መዝግቦ ዘራቸውን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የዕፀዋት ሥፍራ ላከ። ከእሱ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ፎረስት ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዩናን ተራሮች ተመላለሰ፤ ሰባተኛ ጉዞው ላይ ሳለም በ1932 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። የመጣውን ዘር አትክልተኞች እርስ በርስ አዳቅለው ለግቢ የሚሆኑ እጅግ ብዙ ዓይነቶች አወጡ። ቀዩ፣ ነጩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ትልቁ፣ ድንኩ፣ ውርጭ የሚችለው፣ ቀድሞ የሚያብበው እየተባለ ይመረጣል።

በገበያ መደብር በማሰሮ የሚሸጠው አዛሊያም ከዚሁ ወገን ነው። ድሮ ለብቻው ይቆጠር ነበር፤ አሁን ግን ሮዶደንድሮን ውስጥ ይመደባል። መለያው ቀላል ነው፤ አዛሊያ አብዛኛውን ጊዜ በአበባው መሃል አምስት ዘንግ ሲኖረው ሌላው ሮዶደንድሮን አሥርና ከዚያ በላይ አለው። መርዙ ግን ያው ነው። ለእናቶች ቀን በስጦታ የመጣ ማሰሮ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የራሷ የዱር ሮዶደንድሮን አላት። ሮዝ ቀለም ያለው፣ በባሕሩ ዳርቻ ደኖች የሚበቅል ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ሴቶች ለቺካጎው የ1893 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሚሆን አበባ ለመምረጥ ድምፅ ሰጡ። ለመንግሥት ምርጫ ግን በዚያ ጊዜ ድምፅ መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበር። መጨረሻ ላይ ሮዶደንድሮን ማገጥን አሸንፎ ተመረጠ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. በሕግ የግዛቲቱ አበባ ሆነ። ለዚህ ነው በየቤቱ በር የማይጠፋው። ልጄ ግቢ ያለው በአትክልተኛ እጅ የተዳቀለ ቢሆንም ዘመዱ ነው።

የሚያሳብድ ማር

መርዙ ከአበባው አልፎ ንብ በሠራችው ማር ውስጥም ይገባል። በ401 ዓመተ ዓለም ግድም የግሪክ ወታደሮች ከዘመቻ ሲመለሱ ጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ የዛሬዋ የቱርክ ትራብዞን አካባቢ፣ የቀፎ ማር በልተው እንደ ሰከረ ሰው መሬት ላይ ወደቁ። አብሯቸው የነበረው ክሰኖፎን ጽፎታል። ማንም አልሞተም፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ተነሱ።

ይህ ማር ዛሬም አለ። በቱርክ «እብድ ማር» ይሉታል፤ በኔፓልም ገደል ላይ ተንጠልጥለው የሚቆርጡት አሉ። «ለደም ግፊት ነው»፣ «ለወንድነት ኃይል ነው» ተብሎም ይሸጣል። እንደ ጤና ባለሙያ የምለው አንድ ነገር ነው፤ አትውሰዱት። በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የምትወስዱ ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች፣ ሁለቱ ተደምረው ራስ አስተው ሊጥሉን ይችላሉ። ከውጭ የመጣ ማር በስጦታ ሲደርሳችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

የአስታ ዘመድ

በዕፀዋቱ ሥፍራ ስዞር ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የሮዶደንድሮን ቤተሰብ እነማን እንደሆኑ ሲነገረኝ ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ፤ አስታ ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ የተመደብኩት ደባርቅ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች ለክትባት ስንወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ የሚቆመው ቅጠሉ ደቃቃ፣ ግንዱ ጠማማ፣ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው ዛፍ አስታ ነው። ባሌ ተራሮችም ላይ አለ። ማታ ማታ ያደርንባቸው ቤቶች እሳት የሚነደው በእሱ ነበር። ያ ያሞቀኝ ዛፍና ይህ ያስደነገጠኝ አበባ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ትንሿ ጠዋት ጠዋት የምትበላው ብሉቤሪ እንኳ የእነሱ ዘመድ ነው።

አንዱ ያሞቃል፣ አንዱ ያበላል፣ አንዱ ያሳምማል። የአንዱን ጠባይ ማወቅ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ለወላጆችና ለአያቶች

እንደ እኔ እንዳትደነግጡ እነዚህን ልብ በሉ።

ወደ ልጆቻችሁ ቤት እንደገባችሁ፣ ሻንጣ ከመፍታት ቀጥሎ፣ ግቢውን አብረዋችሁ እንዲዞሩ አድርጉ። የእያንዳንዱን ተክል ስም ጠይቁ። የማይታወቅ ካለ ፎቶ አንስተው ይጠይቁ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሮችን በአማርኛ ጽፋችሁ ከስልኩ አጠገብ ለጥፉ።

ለልጅ «አበባ ይታያል፣ ይሸተታል፣ አይቀመስም» የሚል አንድ ደንብ ይበቃዋል። «ይህ ይቀመሳል፣ ያ አይቀመስም» ካልነው ልዩነቱን አይለይም።

ልጅ መርዛም ተክል ቀምሶ ከተገኘ በአፉ የቀረውን አውጡ፤ አፉን አጉመጥምጡት፤ ጥቂት ውኃ ስጡት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትታችሁ አታስመልሱት። ወተት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት መርዙን ያረክሳል ብላችሁም አታጠጡት። የቀመሰውን ተክል ቅጠልና አበባ ያዙ። በአሜሪካ ያላችሁ ከላይ ወዳለው ቁጥር ደውሉ፤ ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መተንፈስ ከተቸገረ 911 ነው። በአገራችን ያላችሁ ደግሞ ተክሉን ይዛችሁ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ፈጥናችሁ ሂዱ።

እኛም ግቢ ውስጥ የሚፈራ አለ። ለውበት በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ኦሊያንደር ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው። ጉሎ፣ አስተናግር፣ ዓይን የሚያቃጥለው የቁልቋል ወተትም አሉ። ቁረጡ አልልም፤ ልጆቻችሁ በስማቸው ይወቋቸው። ልጄም ሮዶደንድሮኑን አልነቀለችውም። ዝቅ ብለው የሚደረሱትን ቅርንጫፎች ብቻ ቆርጣ፣ ለትንሿ ስሙን አስጠናቻት።

ከተመለስኩ ጀምሮ በየእሁዱ በስልክ እንተያያለን። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ይዛ ወደ ግቢ ወጣችና ከመዋያዋ መንገድ የለቀመችውን ቢጫ አበባ አሳየችኝ። «እማማ፣ ይሄስ ምንድን ነው? ይቀመሳል?» አለችኝ። አበባው አገር ቤት የማውቀውን ይመስል ነበር። ምላሴ ላይ ስሙ መጥቶ ነበር።

«አላውቀውም የኔ ልጅ» አልኳት፤ «እናትሽን ጠይቂያት፤ ከዚያ ለእኔም ትነግሪኛለሽ።»